የመሪው ቦታ

አባቴ ሰለመ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቱ፣
ጥርሱ ሲቀናነስ፣ ሲከዳው ጉልበቱ።
ኢኪኬ በሙሉ አፏን ከፈተችበት፤
የሚያውቀው ፈረደ፣ የማያውቀው ሳቀበት።

ዳቦ ሻጯ ኤርሲሊያ ቅርጫቷን ደግፋ፣
"ሴት ናት! ከሴት ሌላ ሽማግሌን ማን ያጠፋ?"
አጎቴ ፋውስቲኖ ቢራውን ጨልጦ፣
"ገንዘብ ነው፤ ማን በነፃ ይሄዳል ሃይማኖቱን ሽጦ?"
ቄሱ ግን አልሳቁም። መነጽር አውልቀው፣
"ሚስቱ ሞታ ቤት የሰፋው፣ የጠራው ጋ ነው የሚያድረው።"

እኔ ልጁ ነኝ፤ ሱሪውን የማጥበው፤
ኪሱን ከኤርሲሊያም ከቄሱም በላይ የማውቀው፤
አንድ መፍቻ፣ የአውቶቡስ ቲኬት፣ ግማሽ የማር ከረሜላ፤
ሴትም የለች እዚያ፣ ብርም የለ፣ ሌላም ሌላ።

ሥራው በነፃው ቀጠና ነው፣ ከወደቡ አጥር ማዶ፤
ከጃፓን አሮጌ መኪና፣ ጨው በልቶት፣ መንገድ ለምዶ፣
መሪው በቀኝ ሆኖ ይደርሳል፤
አባቴ ፈትቶ፣ ሰንጥቆ፣ ወደ ግራ ያዛውራል።
ሠላሳ ዓመት እንዲህ፤
የስንቱን መሪ አዛውሮ፣
የራሱን ሳይነካ ኖሮ።

ጌታው ኢርሻድ ነው፤ የካራቺ ሰው፣ ዝምተኛ፤
ሒሳብ ላይ ድርቅ ያለ፣ ሻይ ላይ የማይሰስት ጓደኛ፤
ቀትር ሲል ካርቶን ዘርግቶ፣ በሁለት መኪና መኻል
ጫማውን አውልቆ ይቆማል፤ ይጎነበሳል፤ ይደፋል።

አንድ ክረምት፣ እናቴ ሆስፒታል ሳለች፣ አባቴ ባትሪ ሰረቀ።
ኢርሻድ ምንም አላለም፤ እንዳየ ግን ታወቀ።
ማታ ሌላ ባትሪ አቅፎ መጣ፦ "ይኼን ውሰድ፤ ያኛው ሞቷል፤
የገዛህ ሰው ነገ ይረግምሃል።"

"ለዚያ ነው?" አልኩት።
"ለዚያማ ቢሆን ያኔውኑ እሰልም ነበር፤
አሥራ ስድስት ዓመት ማን ይቆያል ለባትሪ ብድር?"

ከዚያ ዝም። ዝም ሲል ጥርሱን ይቆጥራል በምላሱ።
ሳህን ሳጥብ፣ ሳልጠይቀው፣ ጀመረ በራሱ፦

"እናትሽን በቀበርን በሳምንቱ
ከአንድ ቶዮታ ሥር ተንጋልያለሁ፤ እጄ ዘይት፣ ዓይኔ ዘይት።
ካርቶኑ ሲዘረጋ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ
የኢርሻድ ግንባር መሬት ላይ።
ከኔ አንድ ክንድ አይርቅም።
አለቃ ሁሌ ከላይ ነው፤ እኔ የማውቀው ጫማውን፣
ከመኪና ሥር ሆኜ የሱሪውን ጫፍ፣ ተረከዙን።
ፊቱን በዚያ ቁመት አይቼው አላውቅም።
ለኔ ብሎ አልወረደም፤ መኖሬንም አላወቀ።
ግንባሬ ከበደኝ ያኔ። ስልሳ ዓመት ተሸክሜው
የት እንደሚቀመጥ የነገረኝ የለም፤ እዚያ ነበር ቦታው።"

"ያ ብቻ?"
"ያ ብቻ። ሺህ ቀን አይቼው አልፌያለሁ፤
ያን ቀን ለምን እንደሆነ፣ ስታውቂ ንገሪኝ" ብሎ
ሄደ፣ እግሩን ሊታጠብ፣ በልብስ ገንዳው፣ ሱሪውን ሰብስቦ።

ዝናብ በማታውቅ ከተማ የውሃችን ሒሳብ ጨመረ፤
ጎህ ሳይቀድ ቧንቧው እያጉረመረመ ሊቀሰቅሰኝ ጀመረ።
እኔ አልሰለምኩም። እሑድ እሑድ ለእናቴ ጧፍ አበራለሁ፤
ለሱ ደግሞ፣ በጨለማ እንዳይደናቀፍ፣ ኮሪደር ላይ አምፖል ሰቅያለሁ።

ምንጣፍ ገዛሁለት፣ ቀይ፣ ባለ ዘርፍ። አመስግኖ ቁም ሣጥን ከተተው፣
ከእናቴ መቁጠሪያ አጠገብ። "ለእንግዳ" አለ። እሱ ካርቶኑ ነው የሚስማማው።
የማቀዝቀዣ ካርቶን፤ ቀስት አለው፤ ጽሑፍም አለው ትልልቅ፣
ግንባሩ በሚያርፍበት በኩል፣ ላብ ያደበዘዘው፣ ግን የማይለቅ፦
"ይህ ወገን ወደ ላይ።"